እንቁራሪቶቹ ዝም ሲሉ

(ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለች ትንሽ አዳራሽ፣ በአንድ ቅዳሜ ማታ ለጨዋታ ወዳጆች የተናገርኩት ነው። ከቅጂው ላይ እንዳለ ገልብጬዋለሁ። የደጋገምኩትንም አልቆረጥኩም።)

እንደምን አመሻችሁ?

እግዚአብሔር ይመስገን። ከኋላ ያላችሁስ፣ ትሰሙኛላችሁ? በመስኮቱ በኩል የቆማችሁ፣ ትሰሙኛላችሁ? ጥሩ። ይህን ለወግ ያህል አልጠየቅኩም። ዛሬ የማወራው በሙሉ ከዚህች ጥያቄ የወጣ ነው። ትሰሙኛላችሁ ወይ?

እናቶችና አባቶችም አያለሁ። ልጆቻችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበው ምን እንደሚሠሩ ለማየት ስለመጣችሁ በጣም ደስ ብሎኛል። ስለዚህ ጨዋታውን፣ የሚና ጨዋታ የምንለውን፣ ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ ይቀመጣል። አንዱ ተራኪ ነው፤ እኛ ጌም ማስተር እንለዋለን። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይሆናሉ። አንዷ አዳኝ ትሆናለች፣ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ ከአገሩ የተሰደደ ወታደር። ተራኪው «በሩ ተዘግቷል፤ ከውስጥ ጭስ ይወጣል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እነሱ ይመልሳሉ። ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ፣ ማለትም ፊቶቹ ላይ ቁጥር ያለበት ጠጠር፣ ይጣላል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ከእነዚህ ጨዋታዎች መጀመሪያ የታተመው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው የሠሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ወጣ። በእኛ 1966 መሆኑ ነው፣ አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት። ግን እናቶቼ፣ ነገሩ ለእናንተ እንግዳ አይደለም። «ተረት ተረት» ስትሉን «የላም በረት» እያልን ያደግነው እኛው ነን። «እንቆቅልህ» ስትሉን «ምን አውቅልህ» ብለን፣ መልሱ ሲጠፋን አገር ሰጥተናል። አንዱ «ጎንደርን ሰጠሁህ» ይላል። ሌላው «አልፈልግም» ይላል። «እሺ ዘጌን።» «ዘጌንስ እሺ፣ ከነቡናው።» እስቲ ንገሩኝ፣ ይሄ የሚና ጨዋታ ካልሆነ ምንድን ነው?

እሺ። ሦስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛ፣ ድምፅ ሲበዛ ጨዋታን እንዴት እንደሚገድል። ሁለተኛ፣ ድምፅ ለተጫዋቹ ወሬ ይዞ መምጣት እንዳለበት። ሦስተኛ፣ ቤት ውስጥ ባለ ዕቃ እንዴት እንደምንሠራው። ሁለተኛው ላይ እቆያለሁ። ልቤ ያለው እዚያ ነው።

አንደኛው።

መጀመሪያ ድምፅ ያስገባሁበት ማታ ክረምት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ከኢንተርኔት ሳወርድ ሰነበትኩ። ማዕበል፣ የሰይፍ ፍጭት፣ የመጠጥ ቤት ጫጫታ፣ የጦርነት ከበሮ። ትልቅ ስፒከር ተውሼ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጎኔ አስቀመጥኩት። ተጫዋቾቹ ጀልባ ላይ ናቸው። ማዕበሉን ለቀቅኩት። ሁሉም «ዋው!» አለ። እውነትም ያስደስት ነበር፣ ለሁለት ደቂቃ።

ከዚያ ለመሰማት ድምፄን ትንሽ ከፍ አደረግኩ። እነሱም ከፍ አደረጉ። እኔም ጨመርኩ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አምስታችንም እንጮኻለን፤ መጮኻችንን ግን አንዳችንም አላወቅንም። ይህ ነገር ስም አለው። የሎምባርድ ክስተት ይባላል። ኤቲየን ሎምባርድ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ነው እ.ኤ.አ. በ1911 የጻፈው። ሰው ጆሮው ላይ ጫጫታ ሲለቀቅበት ሳይታወቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ጫጫታው ሲቆም መልሶ ይቀንሳል። ባጃጅ ውስጥ ስልክ የሚያወራ ሰው አይታችሁ የለም? ሾፌሩ ድንገት ሞተሩን ሲያጠፋ የሰውየው የቤት ጉዳይ መንገድ ላይ ይሰማል። እሱ እኮ አልጮኸም፤ ያስጮኸው ሞተሩ ነው። እኔም ተጫዋቾቼ ላይ ሞተር ነው ያስነሳሁባቸው።

ከመካከላችን አንዲት ልጅ ነበረች። ይህን እንድናገር ፈቅዳልኛለች። ያን ማታ ከተጀመረ ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ዝም አለች። እኔ የደከማት መሰለኝ። ሲያልቅ «ደህና እደሩ» ብላ ወጣች። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም። በሚቀጥለውም አልመጣችም። በሦስተኛው ደወልኩላት።

«ምነው ጠፋሽ?» አልኳት።

«ግራ ጆሮዬ እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ አይሰማም። ያን ቀን የሰማሁት ማዕበሉን ብቻ ነው። የእኔ ሰውዬ ይሙት ይትረፍ እንኳ አላወቅኩም» አለችኝ።

ሁለት ዓመት አብረን ተጫውተናል። ሁለት ዓመት! አንድም ቀን ነግራን አታውቅም። ለምን? መንገር ስላላስፈለጋት ነዋ። ጠረጴዛችን ጸጥ ያለ ነበር። አንዱ ሲያወራ ሌላው ያዳምጣል። ከጨዋታው ያስወጣኋት እኔ ነኝ፣ በስፒከር።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን መማር የጀመርኩት። ሁለት ጆሮ የተሰጠን ያለ ምክንያት አይደለም። ከግራ የመጣ ድምፅ ለግራ ጆሮ በጥቂቱ ቀድሞ ይደርሳል፣ ጎላም ይላል። አእምሯችን በዚያች ቅንጣት ልዩነት ሰውን ከጫጫታ ይለያል። የሠርግ ድንኳን ውስጥ፣ ከዚያ ሁሉ ጭፈራና ወሬ መሀል፣ የአክስታችንን ሐሜት ለይተን የምንሰማው ለዚህ ነው። የሚሰማው አንድ ጆሮ ብቻ ሲሆን ግን ይህ እርዳታ ይጠፋል፤ ሁሉም ድምፅ ተደባልቆ ይመጣል። የእኔ ጥፋት ደግሞ እጥፍ ነበር። ስፒከሩን ከጎኔ ስላስቀመጥኩት ማዕበሉም የእኔም ድምፅ ከአንድ አቅጣጫ ይመጡ ነበር። ሁለት ጆሮ ላላቸውም አስቸግሬያቸዋለሁ።

ስለዚህ አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ስፒከሩ ከጠረጴዛው ይወርዳል። ከተጫዋቾቹ ጀርባ፣ ወንበር ሥር፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በሹክሹክታ አንድ ቃል እናገራለሁ። ከጠረጴዛው ጫፍ ያለው ሰው ካልሰማኝ ድምፁ በዝቷል ማለት ነው፤ እቀንሰዋለሁ። በሹክሹክታ ነው የምለካው! ምክንያቱም በጨዋታ ውስጥ ትልቁ ነገር ብዙ ጊዜ በሹክሹክታ ነው የሚነገረው። ደግሞ ሰዎቹ ሲቀመጡ «ማን በየትኛው ጆሮው ይሰማል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ነውር የለውም። መነጽር ያለው ሰው ወደ ፊት እንደሚቀመጠው ማለት ነው።

ዘፈንን በተመለከተ ባጭሩ፦ ግጥም ያለው ዘፈን፣ በተለይ አማርኛ ዘፈን፣ ጨዋታ ላይ አትክፈቱ። ጆሮ ቃል ሲሰማ ቃሉን ይከተላል፤ ልከልክለው ብትሉም አይሆንም። ዋሽንት ብቻውን፣ ክራር ብቻውን፣ እሱ ይሻላል። ይህን እዚህ ላይ ልተወው።

ሁለተኛው።

ድምፅ ወሬ ይዞ ይምጣ ስል ምን ማለቴ ነው? አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እዚሁ ሐይቅ ዳር ታንኳ የሚሠሩ አንድ አባት አሉ። ደንገሉን ሲያስሩ አጠገባቸው እየተቀመጥኩ አያቸው ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። «አባባ፣ ሌሊት ጉማሬውን እንዴት ያዩታል?» አልኳቸው።

እጃቸው ከሥራው ሳይላቀቅ «አይታይም ልጄ፤ ይሰማል እንጂ። ፉፍ ይላል። ፉፍ ሲል ቆም ብለህ ከየት በኩል እንደሆነ ታዳምጣለህ። ከዚያ ነው የምትቀዝፈው» አሉኝ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ለእሳቸው ድምፁ ጌጥ አይደለም። ለሕይወታቸው ነው የሚያዳምጡት። ያች «ፉፍ» ርቀት አላት፣ አቅጣጫ አላት፣ ጊዜ አላት። እኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ ድምፅን እንደ መጋረጃ ከኋላ እሰቅለው ነበር።

በሚቀጥለው ጨዋታ ሞከርኩት። ተጫዋቾቹ በሌሊት በታንኳ ይሻገራሉ። ስፒከር የለም፣ ምንም የለም። አንድ ባዶ ማሰሮ ጭኔ ላይ ይዤያለሁ። ዝም ብዬ በማሰሮው አፍ ውስጥ «ፉፍ» አልኩ። ሁሉም ቀና አለ። ወዲያው አንዱ «ከየት በኩል ነው?» አለ። አያችሁ? ከየት በኩል ነው! ሰይፍ ስንት ነው፣ ዳይስ ልጣል ወይ፣ አላለም። ከየት በኩል ነው አለ። ጉማሬ ትንፋሹን ይዞ 5 ደቂቃ ያህል ውኃ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። እኔም ሰዓቴን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «አሁን ወደ ውስጥ ገብቷል» አልኳቸው። ያን 5 ደቂቃ እንዴት እንደተመካከሩ ብታዩ! አንዱ «እንቅዘፍ» ይላል፤ ሌላው «ውኃው ይንቀሳቀሳልና እንቁም» ይላል። በአንዲት ፉፍ!

ስለዚህ አሁን አንድ መለኪያ አለኝ። ተጫዋቹ ድምፁን ሰምቶ የሚጠይቀው ወይም የሚያደርገው ነገር ከሌለ፣ ያን ድምፅ እተወዋለሁ። ስንት ቆንጆ ድምፅ ጥያለሁ መሰላችሁ። የሚያሳዝኑ ነበሩ። ግን ጣልኳቸው።

ሌላ ምሳሌ። መብረቅ። ክረምት ላይ ነጎድጓድ የማያውቅ ባሕር ዳሬ አለ? የለም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ብርሃኑ ግን ወዲያው ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ብልጭ ካለበት ጀምሮ እስኪያጉረመርም 3 ከቆጠራችሁ፣ መብረቁ የወደቀው 1 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። 9 ከቆጠራችሁ 3 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ለተጫዋቾቹ አስቀድሜ ነገርኳቸው። ታንኳቸው ሐይቁ መሀል ነው፤ የሚሸሹበት ዳርቻ ሩቅ ነው፤ ወደ ፊት ያለችው ደሴት ደግሞ ማን እንዳለባት አያውቁም። የስልኬን መብራት ብልጭ አደረግኩ። ቆጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ዘጠኝ ላይ ከጀርባዬ ያቆምኩትን ቆርቆሮ ነቀነቅኩት። ዘጠኝ። ገና ነው አሉ። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ብልጭ አደረግኩ። ስድስት ላይ ጮኸ። ማንም አልተናገረም። በሚቀጥለው ብልጭታ አራታቸውም ባንድ ድምፅ ነው የቆጠሩት። ሦስት።

ጭራቅ የለም። ጦርነት የለም። ግን በዚያ ዓመት ከተጫወትነው ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያነሡት ያችን ማታ ነው። ማዕበሉ እየቀረበ መሆኑን እኔ አልነገርኳቸውም። እነሱ ቆጥረው ደረሱበት። የነገርከው ሰው ይረሳል፤ ቆጥሮ የደረሰበት አይረሳም።

እ... ቆይ። አሁን አንድ ነገር ላድርግ። ጥቂት ሰከንድ ዝም እላለሁ። እናንተም ዝም በሉልኝ።

(ዝምታ።)

ምን ተለወጠ?

(ከአዳራሹ አንዲት እናት፦ «እንቁራሪቱ ቆመ።»)

ይባርክዎት እናቴ! እንቁራሪቱ ቆመ። «እንደምን አመሻችሁ» ካልኩበት ጊዜ ጀምሮ ከመጨረሻው ረድፍ ወንበር ሥር ትንሽ ስፒከር እንቁራሪት ሲያሰማችሁ ነበር። ሐይቁ እዚህ አጠገብ ስለሆነ ከውጭ የመጣ መስሏችሁ ይሆናል። ማንም አላስተዋለውም። ሲቆም ግን ጆሯችሁ ቀና አለ። ይህችን ነገር እንዴት እንዳገኘኋት ልንገራችሁ፤ ለዚህ ነው ዛሬ የመጣሁት።

ሐምሌ ውስጥ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ስልኬን ይዤ ወደ ሐይቁ ወረድኩ፣ ደንገሉ ጥቅጥቅ ወዳለበት። ነፋሱ እንዳይረብሽ ስልኩን ካልሲ አልብሼዋለሁ። አንድ ድንጋይ ላይ አስቀምጬው ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። አርባ ደቂቃ። እንቁራሪቶቹ እንደ ጉድ ይጮኻሉ። ደግሞ ሌሊት ሐይቅ ላይ ድምፅ ሩቅ እንደሚሄድ ታውቃላችሁ አይደል? ከውኃው በላይ ያለው አየር ቀዝቅዞ፣ ከእሱ በላይ ያለው ሞቅ ሲል፣ ድምፁ ወደ ሰማይ ከመበተን ይልቅ ወደ ታች ይታጠፋል። ከወዲያ ማዶ የሚያወራ ሰው አጠገባችሁ ያለ የሚመስላችሁ ለዚህ ነው። ከሩቅ ከሩቅ ያሉት እንቁራሪቶች ሳይቀሩ ይሰሙኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ስሰማው መሀል ላይ ቅጂው ተበላሽቶብኛል። እንቁራሪቶቹ ድንገት ዝም ይላሉ። እፍ እንዳሏቸው። ከዚያ አራት አምስት ሰከንድ ቆይቶ የእግር ኮቴ ይሰማል። አስታወስኩ፤ ባትሪ የያዘ አንድ ጥበቃ በዚያ በኩል አልፏል። ኦዳሲቲ ከፍቼ ያችን ቦታ ልቆርጣት ተዘጋጀሁ። ኦዳሲቲ በነጻ የሚገኝ የድምፅ መቁረጫ ነው፤ ሁላችሁም አውርዱት። ልቆርጣት ስል እጄ ቆመ። ደግሜ ሰማሁት። መጀመሪያ ዝምታው። ከዚያ እግሩ። ዝምታው ከሰውየው ቀድሞ ነው የመጣው! እንቁራሪቶቹ እኔ ሳልሰማው ሰምተውታል። ሰው መምጣቱን የነገሩኝ በመጮኻቸው ሳይሆን በመተዋቸው ነው።

ሌሊቱን አልተኛሁም ብላችሁ እመኑኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። ተጫዋቾቹ ከሚያሳድዷቸው ሰዎች ሸሽተው ሐይቅ ዳር ደንገል ውስጥ ተደብቀዋል። መብራት አጥፍተን አንድ ሻማ ብቻ ለኩሰናል። እንቁራሪቱ ከጀርባቸው፣ ዝቅ ብሎ፣ ይጮኻል። ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት። ረሱት። ስለ ምግብ ያወራሉ፣ ማን ቀድሞ ይጠብቅ እያሉ ይከራከራሉ። ከጠረጴዛው ሥር ስልኬን ነካሁ። ቆመ።

እኔ ምንም አላልኩም። ምንም።

ሦስቱ ወሬያቸውን ቀጠሉ። አንዱ ግን፣ ሐይቅ ዳር ያደገ፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው፣ አፉን በእጁ ከደነ። ሌላኛውን እጁን ዘረጋና ሻማውን በጣቶቹ ቆንጥጦ አጠፋው። እውነተኛውን ሻማ! ጨለማ ሆነ። በሹክሹክታ «ሰው መጥቷል» አለ። ሌሎቹ «ምን? ማን?» ይላሉ። «ዝም በሉ። አትሰሙም? እንቁራሪቱ ቆመ እኮ።»

እኔ ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ በቃል አልችለውም። በጨለማው ውስጥ አምስት ሰው ትንፋሹን ይዞ ያዳምጣል። ስንት ዓመት ሰው እንዲያዳምጠኝ ድምፅ ስጨምር ነበር። ያን ማታ ግን ድምፁን ሳቆመው አዳመጡ።

ግን ልብ በሉ፣ ዝምታው የሠራው ከእሱ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት ስለነበረ ነው። ዝም ብሎ ዝም ማለት አይደለም። ቀድሞ የሚቆም ነገር መኖር አለበት። ስለዚህ ከጀርባ የምትለቁት ድምፅ ረጅም ይሁን። አንድ ጊዜ የ30 ሰከንድ የጫካ ድምፅ እየደጋገምኩ ስለቅ፣ አንዷ ተጫዋች «አሁን ያቺ ወፍ ትጮኻለች» አለች፤ ወፏም ጮኸች። ጫካው እዚያው ሞተ። ከ10 ደቂቃ ያነሰ አትጠቀሙ። ቴብልቶፕ ኦዲዮ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ለዚሁ ለእኛ ጨዋታ የተዘጋጁ የ10 ደቂቃ ድምፆች በነጻ አሉ። ፍሪሳውንድ የሚባለውም አለ፤ ባርሴሎና ካለ ዩኒቨርሲቲ በ2005 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ ሰዎች የቀዱትን የሚያጋሩበት ነው። የእያንዳንዱን ፈቃድ አንብቡ፤ ስም እንድትጠቅሱ የሚጠይቁ አሉ።

ነገር ግን፣ እህቶቼ ወንድሞቼ፣ የራሳችሁን ቅዱ። ያ የዓሣ አጥማጅ ልጅ እኮ የእንግሊዝ ጫካ ድምፅ ቢሆን ሻማውን አያጠፋም ነበር። የዚያን ጫካ ወፍ አያውቃትም። ዝም ብትል ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። የጣናን እንቁራሪት ግን ያውቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። የገዳማቱን ድምፅ አልቀዳም። ደሴቶቹ ላይ የድንጋይ ደወል እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ድምፁ ደስ ይላል፣ ሰውነትን ያሳርፋል። ብዙ ሰው «ለጨዋታ እንዴት ይሆን ነበር!» ብሎኛል። እኔ ግን ያ ድምፅ ሰውን ወደ ጸሎት የሚጠራ ስለሆነ የጭራቅ ታሪክ ውስጥ አላስገባውም። በገናንም እንዲሁ። ደወል ካስፈለገኝ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ደጅ ተሰቅሎ እንደነበረው ዓይነት የመኪና ቸርኬ አለኝ። በብረት ሲመታ ሁላችሁም ከመቀመጫችሁ ትነሣላችሁ፤ ልጅነታችሁ ያስነሣችኋል።

ሦስተኛው። ይህን በፍጥነት ልሂድበት፣ ምክንያቱም ጠረጴዛው ላይ ዕቃዎቹን ታዩዋቸዋላችሁ።

አንድ ማታ በጨዋታው መሀል መብራት ጠፋ። ስፒከሩ ቻርጅ አልነበረውም። ስልኩም ሊሞት ነው። ያችው አንድ ጆሮዋ የማይሰማው ጓደኛችን፣ አዎ ተመልሳለች፣ ተነሥታ ወደ ኩሽና ገባች። ወንፊትና አንድ ጭብጥ ሽምብራ ይዛ መጣች። ሽምብራውን ወንፊቱ ላይ አድርጋ ቀስ እያለች ወዲያና ወዲህ አዘነበለችው። ሽሽሽ... ሽሽሽ... ማዕበል! የጣና ማዕበል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ዳርቻውን የሚመታው። እጄን ጸጉሬ ላይ ጫንኩ። ዝናቡን ስትፈልግ ምስር በብረት ትሪ ላይ ታንጠባጥባለች፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚያካፋ ዝናብ ይሆናል።

ይህ ሥራ በፊልም ዓለም ትልቅ ሙያ ነው። ጃክ ፎሊ የሚባል ሰው በዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ፊልሙን እያየ የተዋንያኑን ኮቴና የልብስ ድምፅ ይሠራ ነበር፤ ዛሬም ሙያው በእሱ ስም ነው የሚጠራው። እዚያ የፈረስ ኮቴ በኮኮናት ቅርፊት ይሠራ ነበር። እኛ ኮኮናት ባይኖረን ቅል አለን፤ ለሁለት ተሰንጥቆ አፈር ላይ ሲመታ ፈረስ ነው። ፌስታል ቀስ ብሎ ሲጨመደድ እሳት ነው። ነጠላ ሲራገፍ የትልቅ ወፍ ክንፍ ነው። ካሮት ሲሰበር፣ ይቅርታ እናቶቼ፣ አጥንት ነው። የደረቀ ደንገል ሲረገጥ ደንገል ነው፤ እሱ ሌላ ነገር መምሰል አያስፈልገውም።

የእጅ ድምፅ ለምን ከስልክ ይበልጣል ትሉኛላችሁ? አንደኛ፣ የስልክ ስፒከር ትንሽ ስለሆነ ብዙ አየር መግፋት አይችልም፤ ወፍራሙ ጉርምርምታ ይጠፋል። የስልክ ነጎድጓድ እንደ ወረቀት ነው። ቆርቆሮ ግን ደረታችሁ ድረስ ይገባል። ሁለተኛ፣ እጅ ያያል። ተጫዋቹ ሊናገር አፉን ሲከፍት እሷ ሽምብራውን ታቆማለች። ተናግሮ ሲጨርስ ትመልሰዋለች። የትኛው ስፒከር ነው እንዲህ የሚያደርገው? በዚያ ስፒከር ከጨዋታ የወጣችው ልጅ ዛሬ የጠረጴዛችን ድምፅ እሷ ናት። ማን ሲሰማ ማን ሳይሰማ እንደሚቀር ከሁላችንም በላይ የምታውቅ እሷ ናት።

ነገ ማታ መቅዳት የምትፈልጉ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋር እንገናኝ። አንድ ካልሲ ይዛችሁ ኑ። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ መሀል ላይ እናታችሁ ደውለው ሥራው ሁሉ እንዳይበላሽ። ጉማሬ ስላለ ከውኃው ዳር ራቅ ብለን ነው የምንቀመጠው፤ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ።

አሁን ወሬው ይበቃል። መብራቱን አጥፉልኝ፣ እባካችሁ። የበሩንም። እሷ ከኋላችሁ ቆማለች፣ ወንፊቷን ይዛለች። አትዙሩ። ሦስት ሰው እፈልጋለሁ። አንተ፣ ባለ ሹራቡ። አንቺ፣ መስኮቱ ጋር ያለሽው። እና እርስዎ፣ ቅድም እንቁራሪቱን የሰሙት እናቴ።

ታንኳ ላይ ናችሁ። ሦስት ናችሁ። ጨረቃ የለም። የባሕር ዳር መብራት ከኋላችሁ ከጠፋ ቆይቷል። ውኃው ታንኳውን ቀስ እያለ ይመታዋል... ትሰማላችሁ? ጥሩ። ከፊት ለፊት፣ ከጨለማው ውስጥ፣ እንቁራሪት ይጮኻል። ስለዚህ ዳርቻ ቀርቧል ማለት ነው። ደንገል አለ።

አሁን... ቆመ።

እናቴ፣ መቅዘፊያው በእርስዎ እጅ ነው። ምን ያደርጋሉ?